መንቀሳቀስ ወንጀል አይደለም

ሰሞኑን አንድ ባለሙያ የድሮን ቪዲዮ እያሳየ፣ «የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ከዚህ ሶፍትዌር አያመልጥም» ሲል ሰማሁት። መንገዱ ሶፍትዌሩ በሚንቀሳቀሱት ነገሮች ዙሪያ በሚሥላቸው ቀያይ ሳጥኖች ተሞልቶ ነበር፤ ተመልካቹም አጨበጨበ። «ካሜራ አይዋሽም» ከሚሉት ጋር የቆየ ሙግት አለኝ። ዛሬም ልቀጥለው ነው።

ምሰሶ ላይ የተተከለ ካሜራ ሥራው ቀላል ነው፤ ተከታታይ ምስሎችን አስተያይቶ የተለወጠውን ይለያል። ድሮን ግን ራሱ ተንቀሳቃሽ ነው። እሱ ሲበር ጣሪያውም፣ ዛፉም፣ አስፋልቱም በምስሉ ላይ አብረው ይሄዳሉ፤ በአውቶቡስ መስኮት ለሚያይ ሕፃን ዛፎቹ ወደ ኋላ እንደሚሮጡበት ማለት ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አስቀድሞ የራሱን ጉዞ ከሒሳቡ ማውጣት አለበት። የጣሪያ ጠርዝ፣ የመንገድ ቀለም ጫፍ እያለ በሁለት ተከታታይ ምስሎች የሚገኙ ነጥቦችን ያዛምዳል፤ ከብዙዎቹ ጋር ያልተስማሙትን ይጥላል፤ ከዚያ አንዱን ምስል በሌላው ላይ ይደርባል። ተመራማሪዎቹ ፊሽለርና ቦልስ ይህን የማጣራት ዘዴ ያሳተሙት በ1973 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። እጅግ የማደንቀው ጥበብ ነው።

ይሁንና ስሌቱ ብዙውን ጊዜ መሬቱን እንደ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ስለሚቆጥር፣ ድሮኑ ዝቅ ብሎ ሲበር ረጅም ሕንፃ ቆሞ ሳለ የተራመደ ይመስላል። ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅርንጫፍም ሳጥን ሊያገኝ ይችላል። መብራት ይዞት የቆመው መኪና ደግሞ ከተንቀሳቃሾቹ መዝገብ ይወጣል።

ይህን መሐንዲሶቹ ያውቁታል፤ እያረሙትም ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሳጥኑ በትክክል ካረፈ በኋላ ያለው ነው። ነሐሴ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ካቡል ውስጥ የአሜሪካ ድሮኖች አንዲት ነጭ ቶዮታ ኮሮላን ስምንት ሰዓት ያህል ተከታተሏት። ክትትሉ ሰምሯል። መኪናዋን የሚነዳው የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ የጫነው የውሃ ጀሪካን ግን እንደ ፈንጂ ተቆጠረ፤ መኪናዋ ከአየር ተመታች፤ 10 ሲቪሎች ሞቱ፤ 7ቱ ሕፃናት ነበሩ። ፔንታጎን ስህተት መሆኑን ያመነው በአዲሱ ዓመት መስከረም 7 ነው። ያን ቪዲዮ ያዩት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። እነሱ ያልለዩትን ሳጥኑ ይለየዋል ብሎ ማመን አይቻለኝም።

ዮሎ የተባለውን፣ በምስል ላይ ያሉ ነገሮችን የሚለይ ዝነኛ ሶፍትዌር የፈጠረው ጆሴፍ ሬድመን በ2012 ዓ.ም. የምርምር ሥራውን ማቆሙን ተናገረ። ምክንያቱ ወታደራዊ አጠቃቀሙና የሰው የግል ሕይወት መደፈር ነበር። «እሱ ቢተው ሌላው ይቀጥላል» ይሉኛል። ቀጥለዋል። እኔ ግን መሣሪያውን በገዛ እጁ የሠራውን ሰው ቃል ከሻጩ ቃል አስበልጬ እሰማለሁ።