ጋራዡና የክረምት ዕቃ

በደጋው አገር ክረምቱ አልፎ መስከረም በጠባ ጊዜ አካፋው፣ ዶማውና የላስቲክ ቦት ጫማው ጭቃቸውን እንደ ለበሱ በጋራዡ ጥግ ይጣላሉ፤ የልጆቹ ኳስና ብስክሌትም በላያቸው ይከመራሉ። እኛም ባለፈው ቅዳሜ የቤታችንን ጋራዥ ለማስተካከል ስንነሣ፣ ከኳሱ አጠገብ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የተቀመጠ ነጭ ጋዝ አገኘን። ያኖረውም ሌላ ሰው አይደለም፤ እኛው ነን።

ነጭ ጋዝ ውሃ ይመስላል። ከጨዋታ ተጠምቶ የመጣ ልጅ ጠርሙሱን አንሥቶ ቢጠጣ፣ ጋዙ ወደ ሳንባው ሊገባና ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። እንዲያስታውከው ማድረግም አይገባም፤ ሲመለስ ዳግመኛ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

ስለዚህ ጋዙን ስሙ በተጻፈበት በራሱ ጣሳ አድርገን፣ ቍልፍ ባለው ቁም ሣጥን ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ አደረግን። ኳሱና ብስክሌቱ፣ ልጆቹ ወደ ውስጥ ሳይዘልቁ እንዲያነሡአቸው፣ በበሩ አጠገብ ሆኑ። አካፋውና ዶማው ታጥበው ከደረቁ በኋላ ብረታቸው ዘይት ተቀብቶ በግድግዳው ላይ ተሰቀሉ፤ እርጥበት ባለው ሲሚንቶ ላይ የተኛ ብረት ፈጥኖ ይዝጋልና። የዶማው ስለት ወደ ግድግዳው ይዙር። ለተቀደደው የመረብ ኳስ መረብ ግን እስካሁን ቦታ አላገኘንለትም።