የጠፋው ዕቃው ነው ወይስ ልኩ?

በብዙ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ግቢ ጥግ አንድ የቆመ ሞተር ብስክሌት አይጠፋም። ጎማው ተንፍሷል፤ ኮርቻው ተቀዷል፤ ዶሮዎችም ማደሪያቸው አድርገውታል። ለምን ቆመ ብለን ስንጠይቅ መልሱ በየሄድንበት አንድ ነው፤ «ዕቃው ጠፍቷል»። ፋብሪካው ያንን ሞዴል መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ አስመጪውም መለዋወጫውን አያመጣም። ጉዳዩ እዚህ ላይ ይዘጋል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተዳፋቶች ግን አይዘጋም። መኪና በማይደርስባቸው ቀበሌዎች የእንስሳት ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ የሚወርደው ባለሙያ በእግሩ ሲጓዝ በረዶው ይቀልጣል፤ ሙቀት ያገኘው ክትባት ደግሞ መርፌው ቢወጋም በሽታውን ላይከላከል ይችላል። የሞተሩ መቆም ከበሬውና ከገበሬው ኑሮ ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው።

እኛ «ዕቃው ጠፍቷል» የሚለውን ፍርድ በቀላሉ አንቀበለውም። በአብዛኛው የጠፋው ዕቃው ሳይሆን ልኩ ነው ብለን እናምናለን። ይህን ስንል ግን ማንኛውም አሮጌ ሞተር በዘዴ ይነሣል ማለታችን አይደለም።

ከቀላሉ እንጀምር። ኩሽኔታ የሞተሩ ፋብሪካ ሥሪት አይደለም። በጎኑ ላይ 6204 የሚል ቁጥር ካለ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በአምስት ስናባዛ የውስጥ ቀዳዳውን ስፋት፣ 20 ሚሊ ሜትር፣ እናገኛለን። (ይህ ስሌት የሚሠራው ከ04 ጀምሮ ነው፤ 03 የሚል ከሆነ ቀዳዳው 17 ሚሊ ሜትር ነው።) የውጭው ስፋት 47፣ ውፍረቱ ደግሞ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ጃፓን ተሠራ፣ ሕንድ ተሠራ፣ ልኩ አይለወጥም። ስለዚህ የሞተሩን ስም ጠርቶ «የዚህ ኩሽኔታ አለ?» የሚል ሰው «የለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል፤ ቁጥሩን ይዞ የሄደ ግን የውኃ ፓምፕ መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሱቅ እንኳ ሊያገኘው ይችላል። ዘይት ማገጃውም ጎማ እንዲሁ በሦስት ቁጥሮች፣ ማለትም በውስጥ ስፋት፣ በውጭ ስፋትና በውፍረት ይታወቃል።

አስቸጋሪው ፒስተን ነው። በገጠር መንገዶች ብዙ ያገለገለውን ባለ ሁለት ምት ያማሃ ዲቲ 125 እንውሰድ። የሲሊንደሩ ስፋት 56 ሚሊ ሜትር ነው። ሲሊንደሩ ሲበላ በቶርኖ ይሰፋና በ0.25 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን ይገባበታል፤ ቀጥሎ በ0.50፣ እያለ ይሄዳል። ፋብሪካው ራሱ ማሽኑ እንደሚበላ አስቀድሞ አስቦበታል ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው የመጨረሻው ትልቅ ፒስተን ካለቀ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ «እኛው እናፍስሰው» የሚል ባለሙያ ይነሣል። ሐሳቡ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መድፍ ተፈስሷል፤ ዛሬም አሮጌ አሉሚኒየም አቅልጠው ድስት የሚሠሩ አሉ።

ይሁን እንጂ የድስት አሉሚኒየም ፒስተን አይሆንም። ምክንያቱን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪም ሊያሰላው ይችላል። በቀዝቃዛ ሞተር በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚተወው ክፍተት 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከጠጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ሁለቱም በ100 ዲግሪ ቢሞቁ የብረቱ ሲሊንደር በ0.06 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ሲሊከን በብዛት ከተቀላቀለበት አሉሚኒየም የተሠራ ፒስተን በ0.11 ይሰፋል፤ ክፍተቱም በልኩ ይዘጋል። ተራው አሉሚኒየም ግን ወደ 0.13 ይደርሳል። ያቺ 0.02 ሚሊ ሜትር ናት ቁልቁለት ላይ የኋላውን ጎማ ድንገት አንቃ የምታስቀረው። ቅርጹ አንድ ዓይነት፣ ማዕድኑ ሌላ የሆነ ቅጂ ጋላቢውን ገደል ሊሰድድ ይችላል።

የተሻለው መንገድ በምርት ላይ ካለ ሌላ ሞዴል ተመሳሳይ ፒስተን መፈለግ ነው። ለዚህም ስፋቱ ብቻ አይበቃም። የፒስተኑ ፒን ስፋት፣ ከፒኑ መካከል እስከ ፒስተኑ አናት ያለው ቁመት፣ ፋሻው እንዳይዞር የሚይዘው ትንሽ ካስማ ያለበት ቦታ መታወቅ አለባቸው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ የፋሻው ጫፍ ከጋዙ መውጫ ቀዳዳ ፊት ለፊት ከዋለ ተጠምዶ ይሰበራል። እነዚህን አራት ወይም አምስት ቁጥሮች የጻፈልን ግን ማን ነው? የድሮዎቹ መካኒኮች በእጃቸውና በጆሯቸው ያውቁታል፤ ወረቀት ላይ ግን የለም። 0.05 ሚሊ ሜትር ክፍተት ለመለካት ደግሞ ስሕተቱ ራሱ 0.05 የሆነ ካሊፐር ይዘን የምንነሣ ከሆነ ልኬት ሳይሆን ግምት ነው።

በዚህ ረገድ ከጋይንት ከራሷ የምንማረው ነገር አለ። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ በየአድባራቱ ይማሩታል፤ በየብራናውም ይገለብጡታል። ነገር ግን ቅጂ ከቅጂ ሲወጣ ይንሸራተታል። ስለሆነም መምህር ሊሆን የሚሻ ሰው ቤተ ልሔም ሄዶ ዜማውን በምልክቱ ያስመሰክራል፤ ይታረማል። ምልክቱም ራሱ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጀ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ፊዚክስ ይህን ማጣቀሻ ልክ ይለዋል። ብራናው ያረጃል፤ የሚገለበጠውና የሚመሳከረው ልክ እስካለ ድረስ ግን ድጓው አያረጅም።

ለማሽኖቻችን እንዲህ ያለ ማስመስከሪያ የለንም። ብሔራዊ የሥነ ልክ ተቋም አዲስ አበባ አለ፤ ከነፋስ መውጫ አንድ ፒስተን ይዞ እዚያ ድረስ የሚሄድ ግን አይኖርም። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት ግን ቅርብ ናቸው። ማይክሮሜትርና የሲሊንደር መለኪያ ያለበት አንድ ክፍል፣ በሳምንት አንድ ቀን ለጋራዥ ባለሙያዎች ቢከፈት፣ የመመረቂያ ጥናት የሚሠሩ ተማሪዎችም በየዓመቱ የአንድ ሞዴል ሙሉ ልክ ቢያወጡ፣ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለመመረቂያ ጥናት ሌሎች አገሮች የጨረሱትን ሙከራ ከምንደግም ይህ ይሻላል እንላለን። ባልደረቦቻችን «ይህ የመካኒክ ሥራ ነው» እንደሚሉን እናውቃለን።

በነገራችን ላይ የዕቃ እጥረት የሚባለው ሁሉ የዕቃ እጥረት አይደለም። ከፍታው ወደ 3000 ሜትር በሚደርስበት የላይ ጋይንት ደጋ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለል 30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚያ ሲወጣ ከአየሩ አንጻር ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚበልጥ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ባለቤቱም ካንዴላ እየለወጠ «ኦሪጅናሉ ጠፋ» ይላል። የሚያስፈልገው ግን ቀዳዳው ጠበብ ያለ የቤንዚን ማሳለፊያ ነበር።

እርግጥ ባለ ሁለት ምት ሞተር ጭሱ ብዙ ነው፤ ዘይትም ያቃጥላል። ሻሲው የተሰነጠቀ፣ ፍሬኑ የማይይዝ ከሆነ ይወገድ፤ እኛም አንከራከርም። ነገር ግን የሚተካው ምንድን ነው? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ማጓጓዣ የሚነገረው በዝቷል፤ ባለ ሁለት ጎማዎችም እየመጡ ነው። የእነርሱ መቆጣጠሪያ በሙጫ የታሸገ፣ ፕሮግራሙም የተቆለፈ ሊሆን ይችላል፤ ፋብሪካው ሲተዋቸው በማይክሮሜትር ለክተን የምናስመስለው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ግዥ የሚፈጽሙ መሥሪያ ቤቶች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ አንድ መስመር እንዲጨምሩ እንጠይቃለን፤ የባትሪው ቮልቴጅና የመገናኛው ሥዕል፣ የኩሽኔታዎቹ ቁጥሮች፣ የመቆጣጠሪያው የሽቦ ካርታ ከዕቃው ጋር አብሮ ይረከብ። የሚረከበው መዝገብ ቤት ብቻ ሳይሆን ጠጋኙም ይሁን።

ለጊዜው ግን ግቢው ጥግ የቆመው አለ። ይህን የምታነቡ ተማሪዎች ለክረምት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ ካሊፐርና ደብተር ይዛችሁ ወደ አንዱ ቅረቡ፤ የጎኑን ኩሽኔታ አውጡና ቁጥሩን ጻፉ።