ካሜራው ፊቱን ወደ ተራራው ያዙር

በቆጂ ላይ ካሜራ ብርቅ አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው ይህች ከተማ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራች በመሆኗ፣ የጋዜጠኛውም የፊልም ሠሪውም እግር አይጠፋባትም። ስለ ልጆቿ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም በ2012 እ.ኤ.አ. ለዕይታ በቅቶ ብዙ አገር ዞሯል። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ታዳጊዎቹን የሚያሮጡበት ሜዳ ከየትኛው ማዕዘን እንዳልተነሳ መናገር ይቸግራል። ከሯጮቹ ኋላ የሚታየው ተራራ ግን በዚያ ሁሉ ፎቶ ውስጥ ብዥ ብሎ የቀረ ዳራ ነው።

በዚያ ዳራ ውስጥ የሚኖሩ አሉ። ጋላማ፣ ጭላሎ፣ ካካና ሁንኮሎ ቀይ ቀበሮ፣ የደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ የሚገኙባቸው ተራሮች ናቸው። የካካና የጭላሎ አናት ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በ2011 እ.ኤ.አ. ተራሮቹ የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተብለው ተከልለዋል። የፓርኩን ስም ግን አዲስ አበባ ላይ ስንቱ ሰው ያውቀዋል? ባሌና ሰሜን ሲጠሩ ዓይነ ሕሊና ላይ ወዲያው የሚመጣ ምስል አለ፤ አርሲ ሲባል የሚመጣው ሯጭ ነው፣ ወይም የገብስ ማሳ።

ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው የደጋ አጋዘን ታሪክ ነው። ብዙው ሰው ኒያላ ብሎ የሚያውቀው ይህ እንስሳ ለሳይንስ የተዋወቀው ከዚሁ ከአርሲ ነው። አይቮር ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ በ1908 እ.ኤ.አ. ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ካለው ከፍተኛ ቦታ ገድሎ ወሰደው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሪቻርድ ሊደከር የአዳኙን ስም ሰጥቶ መዘገበው። ከዚያ ወዲህ ኒያላ ኢንሹራንስ ሆነ፣ ሲጋራ ሆነ፣ በ10 ሳንቲም ላይም ተቀረጸ። የአሰላ ተማሪ በአካል ከሚያየው ይልቅ በሳንቲም የማየት ዕድሉ ሰፊ ነበር። አሁን ሳንቲሙም ከኪስ እየጠፋ ነው።

ስለዚህ በበቆጂና በአሰላ ፎቶግራፍ የሚወዱ ተማሪዎች የሥራ ላይ ልምምዳቸውን ከዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅቶች ጋር፣ በገዛ ተራራቸው ላይ የሚሠሩበት መንገድ ሊከፈት ይገባል። የሚሠሩትም ለቀን መቁጠሪያ የሚሆን ቆንጆ ሥዕል ለመልቀም ሳይሆን መረጃ ለመሰብሰብ መሆን አለበት። አስተናጋጅ የሚሆን ተቋም አይጠፋም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ አንጋፋ ማኅበር ነው፤ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ደግሞ መቀመጫው እዚያው ጎረቤት፣ ባሌ ነው። አሰላ ላይ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ አለ።

የልጅ ፎቶ ምን ይፈይዳል የሚል ካለ፣ የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚያዘጋጀውን ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ውድድር ያስታውስ። በ2019 እ.ኤ.አ. ከ15 እስከ 17 ዓመት ባሉት ዘርፍ ያሸነፈው ፎቶ የተነሳው ሰሜን ተራሮች ላይ ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ በማለዳ፣ ግልገሏን ሆዷ ሥር ያንጠለጠለች ጭላዳ። አንሺው ከአባቱ ጋር አገር ሊጎበኝ የመጣ ጣሊያናዊ ጎረምሳ ነበር። ልጁ የሚመሰገን እንጂ የሚወቀስ አይደለም። ግን የደባርቅ ልጅ ጭላዳን ዓመቱን ሙሉ ያያታል፤ ያጣው ካሜራውንና የሚያሳየውን ሰው ነው።

ከሽልማቱም የሚበልጥ ምሳሌ አለ። በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. አንድ የሥነ ምኅዳር መጽሔት ያወጣው ጥናት፣ በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎች እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን የአሽንዳ አበባ ማር እንደሚልሱ አሳየ። አንዳንዱ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ይጎበኛል። አፍንጫው በአበባ ዱቄት ቢጫ የሆነ ቀበሮ የሚያሳዩት የፈረንሳዊው አድሪያን ለሳፍር ፎቶዎች ዓለምን አዳረሱ። ከአጥኚዎቹ አንዱ ክላውዲዮ ሲሌሮ እንደተናገሩት ደግሞ፣ እሳቸው አበባው ማር እንዳለው መጀመሪያ የተረዱት የእረኛ ልጆች ሲልሱት አይተው ነው። ዕውቀቱ ከጥናቱ በፊት በልጆቹ ምላስ ላይ ነበር ማለት ነው።

ዕቃው ውድ ነው የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ረጅም ሌንስ ያለው ካሜራ የመምህር ደመወዝ የሚገዛው አይደለም። ግን የቀበሮ ክትትል ቴሌስኮፕና የርቀት መነጽር ይዞ የሚሠራ ሥራ ነው። ተማሪው የስልኩን ካሜራ ከቴሌስኮፑ የዓይን መስተዋት ጋር ያገጥማል፤ በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መካከል ይዞ ክፍተቱን ይጠብቃል፣ ትንፋሹን ይውጣል። መጀመሪያ የሚያየው ጥቁር ብቻ ነው። ከዚያ ክብ ብርሃን ይመጣል፣ በክቡም መሐል ጓሳው ውስጥ ለአይጥ የሚያደባ ቀይ ጀርባ። ፎቶው ጠርዙ ጥቁር፣ ጥራቱም መካከለኛ ይሆናል። የአንገትና የደረት ነጭ ምልክቱ ከታየ ግን የትኛው ቀበሮ እንደሆነ ለመለየት ይረዳል። ቀን፣ ሰዓትና የቦታው ስም ከተጻፈበት ሰነድ ነው። በጠቅላላው ወደ 500 ገደማ ብቻ ለቀረ እንስሳ እያንዳንዱ ሰነድ ዋጋ አለው፤ በተለይ ከመንደር ውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ መንጋ በሚጨርስበት አገር። ማሳና ግጦሽ ወደ ተራራው የአስታ ቁጥቋጦ ምን ያህል እንደወጣም በየዓመቱ ከአንድ ቦታ የተነሳ ፎቶ ከብዙ ሪፖርት የተሻለ ይናገራል።

የሚያሰጋው ሌላ ነው። በአገራችን የልምምድ ተማሪ ዕጣ ብዙ ጊዜ ይታወቃል፤ ካሜራ ያዥ ከሆነ ስብሰባ ያነሳል፣ ባነር ፊት የተሰለፉ ኃላፊዎችን ያነሳል፣ የችግኝ ተከላ ያነሳል፣ ወረቀቱ ላይ ማኅተም ተመትቶለት ይሸኛል። ያ ከሆነ ተራራ መውጣቱም አያስፈልግም። በሌላ በኩል ያልሠለጠነ አንሺ ጉዳት ያደርሳል። የቀበሮ ግልገሎች በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይወለዳሉ፤ ዝናቡ አቁሞ ሰማዩ የሚጠራበት፣ ለፎቶ የሚመቸው ጊዜም ያው ነው። ጉድጓድ አፍ ድረስ የሚጠጋ ልጅ እናቲቱን ሊያስበረግግ፣ ግልገሎቿንም ሌላ ቦታ እንድታዛውር ሊያስገድዳት ይችላል። ስለዚህ የልምምዱ የመጀመሪያ ሳምንት ያለ ካሜራ፣ ከፓርኩ ጠባቂ ኋላ በመሄድ ቢያልፍ ይሻላል። የአጋዘን መዋያን ትክክለኛ ቦታ በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍም ለአዳኝ መንገድ ማሳየት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከጅምሩ በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ ፎቶው የማን ነው? የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ሥራ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ የ25 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። በቅጥር የተሠራ ሥራ ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ ወደ አሠሪው ያደላል። ደመወዝ የማይከፈለው ተማሪ መብቱንም አጥቶ ስሙም ሳይጠቀስ ፎቶው የድርጅቱ ብሮሹር ላይ ቢወጣ ሁለት ጊዜ መበደል ነው። ድርጅቱ ምስሉን ለጥበቃ ሥራ በነጻ ይጠቀም፣ ስሙን ከሥሩ ይጻፍ፣ የሽያጭ መብቱ ግን ለተማሪው ይቅር። አንድ ገጽ ውል ይበቃዋል፤ ትምህርት ቤቱ፣ ድርጅቱና ወላጅ ይፈርሙበታል።