የሰፈር ርቀት በምን ይለካ?

ስለ ከተማ ትራንስፖርት በተነሣ ቁጥር ወደ አእምሯችን ቀድመው የሚመጡት የመኪና መጨናነቅ፣ የታክሲ ሰልፍና የነዳጅ ዋጋ ናቸው። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ በየዕለቱ ከሚደረጉት ጉዞዎች እኩሌታ ያህሉ የሚከናወኑት በእግር ነው። ታዲያ የብዙኃኑ ማጓጓዣ እግር ሆኖ ሳለ፣ የሰፈር ፕላን ሲነደፍ የእግረኛው ጉዳይ በመጨረሻ የሚታሰበው ስለ ምንድን ነው? ነገሩን በጥቂት ሒሳብ አስደግፈን ልናየው ወደድን።

ጤነኛ ሰው በደቂቃ 80 ሜትር ያህል ይራመዳል፤ 400 ሜትር የ5 ደቂቃ መንገድ ነው ማለት ነው። አሜሪካዊው ክላረንስ ፔሪ በ1929 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤትን ከመሃል አድርጎ የነደፈው ሰፈር መለኪያው ይኸው ርቀት ነበር። በቅርቡም ካርሎስ ሞሬኖ በፈረንሳይ ያስተዋወቀው «የ15 ደቂቃ ከተማ» የተሰኘው ሐሳብ ከዚሁ መሠረት ብዙ አይርቅም።

አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ ከመሃል አለ እንበል። በ400 ሜትር ሬዲየስ የሚከበበው ስፋት ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። አሁን ደግሞ በመካከል ረጅም አጥር ቢገባና ሰው 400 ሜትሩን ለመድረስ 600 ሜትር እንዲዞር ቢገደድ፣ በ5 ደቂቃ የሚደረስበት ሬዲየስ ወደ 267 ሜትር ይወርዳል። ስፋት የሚለወጠው በሬዲየሱ ካሬ በመሆኑ የሚቀረው ከዘጠኝ እጅ አራቱ ብቻ ነው። ፌርማታው ከቦታው አልተነሣ፣ ነዋሪው አልለቀቀ፤ አጥሩ ብቻ ከግማሽ የሚበልጠውን ሕዝብ ከአምስት ደቂቃው ክልል አስወጣው። ስለዚህም በግንቡ ላይ የሚከፈት አንዲት የእግረኛ በር አንዳንድ ጊዜ ተጨማሪ ፌርማታ ከመሥራት ትበልጣለች፤ ዋጋዋም የበር ዋጋ ነው።

በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ከ30 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ሐዲድ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አገናኝቷል። በሌላ በኩል ግን በመሬት ላይ በሚያልፍባቸው ብዙ ስፍራዎች መከለያው ፊት ለፊት ይተያዩ የነበሩ ሰፈሮችን ለይቷል። ቀድሞ መንገድ ተሻግራ ሽንኩርት ትገዛ የነበረች እናት ዛሬ መሻገሪያ ፍለጋ ትዞራለች። ይህን በባቡሩ ጥቅም ማካካስ ይቻላል የሚል ቢኖር፣ ማካካሻውን የምትከፍለው እርሷ መሆኗን ግን ልብ ይበል።

የነባሮቹን ሰፈሮች ጉድለት አንክድም፤ የመጸዳጃውና የፍሳሹ ችግር የታወቀ ነው። ሆኖም ሱቁ፣ ጉሊቱ፣ ወፍጮ ቤቱና ትምህርት ቤቱ በቅያሱ ውስጥ ይገኙ ነበር። ጀሞን፣ የካ አባዶን፣ ቱሉ ዲምቱን ወደመሳሰሉት የዳር ኮንዶሚኒየሞች የሄደው ነዋሪ የተሻለ ግድግዳ አገኘ፤ በአንጻሩ ሥራውና የቀድሞ ደንበኞቹ ከኋላው ቀሩ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዶችን ማስፋቱ በእኛ አስተያየት የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሰፊው የእግረኛ መንገድ ከመሃል ከተማ ተነሥቶ ወደ ዳር ለሄደው ቤተሰብ ጤና ጣቢያውን አያቀርብለትም። በመሆኑም ማንኛውም አዲስ የመኖሪያ ሳይት ከመጽደቁ በፊት በቀጥታ መስመር ሳይሆን በእውነተኛው የእግር መንገድ የተለካ የ5 ደቂቃ ካርታ ሊቀርብለት ይገባል እንላለን።

ልኬቱ ለተማሪም አይከብድም። ከደጃፍ እስከ ቅርቡ ፌርማታ ያለውን ርቀት በእርምጃ ቆጥራችሁ ወደ ሜትር ለውጡ፤ በካርታ ላይ በማስመሪያ ለሚገኘው ቀጥታ ርቀትም አካፍሉት። መንገዶቹ በአራት ማዕዘን በተቀየሱበት ሰፈር፣ ሰው ከጥግ ወደ ጥግ ሲሄድ እንኳ ውጤቱ ከ1.41 ብዙም አያልፍም። ከዚህ በእጅጉ ከበለጠ በመካከል አንድ አጥር አለ ማለት ነው፤ የማን እንደሆነና በር ሊከፈትለት ይችል እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል።