ዓሣው ሰበብ ነው

እህቶቼ፣ ባለፈው ስብሰባችን አንድ ሐሳብ አንስቼ ተስቆብኝ ነበር። «የታመመች ሴት መድኃኒት እንጂ ዓሣ ማጥመድ ምን ያደርግላታል?» ያላችሁኝ አላችሁ። አልተቀየምኩም። ግን ሰዓት አልቆ ስላቋረጥኩት እዚህ ልጨርሰው።

ያወራሁላችሁ ስለ ሁለት አሜሪካውያን ሴቶች ነው። አንደኛዋ ዶክተር ቤኒታ ዋልተን ይባላሉ፤ በካንሰር ምክንያት የተቆረጠ ጡትን መልሶ የሚሠራ ቀዶ ሐኪም ናቸው። ሁለተኛዋ ግዌን ፐርኪንስ ደግሞ ዓሣ ማጥመድ ሙያቸው ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ቨርሞንት በሚባለው ግዛት «ካስቲንግ ፎር ሪከቨሪ» የሚል የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። ሥራው የጡት ካንሰር የያዛቸውን ሴቶች በትንሽ በትንሹ ሰብስቦ ለሁለት ቀን ተኩል ያህል ውሃ ዳር መውሰድና ዓሣ ማጥመድ ማስተማር ነው። ሴቶቹ አይከፍሉም።

ለምን ዓሣ? ጡቷን ቀዶ ሕክምና ያደረገች ሴት ትከሻዋ ይደርቃል፤ ከብብቷ ሥር እጢ ከወጣላት ደግሞ ክንዷ ሊያብጥ ይችላል። ሐኪም ክንድን በቀስታ ማንቀሳቀስ ያዝላታል። እነዚህ ሴቶች የሚማሩት አጠማመድ ትል የሚሰካበት አይደለም። መንጠቆው በላባና በክር ተሸፍኖ ዝንብ ይመስላል፤ ረጅሙን ዘንግ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያወዛወዙ ክሩን ውሃው ላይ ያሳርፉታል። ይህ መወዛወዝ ሐኪም ከሚያዘው እንቅስቃሴ ጋር ይመሳሰላል። የተያዘውም ዓሣ ተመልሶ ይለቀቃል። እንግዲህ ዓሣው ሰበብ ነው ማለት ነው። ዋናው ያቺ ሴት የእሷው ሕመም ከገባቸው ሴቶች ጋር ማውራቷ፣ አንድ ቀን እንኳን በሽተኛ ሳትሆን መዋሏ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እኛ እዚህ ቤይሩት መዋጮ እናውቃለን። ሰው ታመመ ሲባል ከደመወዛችን ቀንሰን እንሰጣለን፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ አይቅር። ግን ከዚያ በኋላስ? አምና ጡቷን ታክማ የነበረችውን እህታችንን ታስታውሳላችሁ። እኔ 20 ዶላር አዋጥቼ ሕሊናዬን አሳረፍኩ። ሦስት ወር ሙሉ ቤቷ አልሄድኩም። ኋላ ስሄድ ምን አለችኝ? «ብሩስ ደርሶኛል። ሰው ነው ያጣሁት።» ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ትቆረቁረኛለች።

እብጠቱን ስታገኘው ለስምንት ወር ደብቃው እንደነበረም ያኔ ነው የነገረችኝ። «ማዳም ካወቀች ትኬት ቆርጣ ትልከኛለች» ብላ ፈርታ። ስለማያማትም ምንም አይደለም ብላ ተጽናናች። እህቶቼ፣ የጡት እብጠት ስላላመመ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የካንሰር እብጠት አያምም። ግን የምታወራው ሰው የሌላት ሴት ይህን ማን ይነግራታል?

እኔ ዘንግ እንግዛ አላልኩም። እሁድ እሁድ ኮርኒሽ ላይ ዘንግ ይዘው ባሕሩን የሚያዩትን ሰዎች አይታችኋል። እኛም ባሕሩ አለን፤ ቡናና ዳቦ አለን። ያቀረብኩት ይህን ነው፦ በወር አንድ እሁድ፣ የታመመችና የታከመች እህት ካለች ሁለታችን ሄደን እናውጣት። ታክሲዋን ከመዋጮው እንክፈል። ወረቀት የሌላት ከሆነች ወይም መውጣት ካቃታት ቡናውን ይዘን እሷ ጋ እንሂድ። ማዳም ቤት የምታድረዋን በስልክ እናስገባት። ክንዷን ለማሠራት መጀመሪያ ሐኪሟን ትጠይቅ። ፎቶዋን ደግሞ ማንም ቲክቶክ ላይ እንዳይለጥፍ።

«ገንዘቡ ለመድኃኒት ይዋል» የምትሉትን እሰማለሁ፤ እውነት አላችሁ፣ መድኃኒት ይቅደም። ነገር ግን ሁለቱ ሴቶች ሲጀምሩ አንዷ ሕክምና፣ አንዷ ዓሣ ማጥመድ ነበር የምታውቀው። እኛ መሃል ፀጉር የምትሠራ አለች፣ አረብኛ አቀላጥፋ ሐኪም ጋ የምታስተረጉም አለች፣ ሰው የምታስቅ አለች። ይህም መዋጮ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ድጋሚ አነሣዋለሁ። ሳቁብኝ፤ ብቻ ስማችሁን አስመዝግቡ። ቸር ይግጠመን።