ሥራን የሚያመሰግን አንደበት፣ ሠራተኛውን የሚንቅ ዓይን

በአገራችን የሚገኙ ሃይማኖቶችና ባህሎች ሁሉ በጎ ጠባይን እንደሚያስተምሩ በየመድረኩ ይነገራል። ክርስቲያኑ ስለ ፍቅርና ስለ ትሕትና፣ ሙስሊሙ አማናን ስለ መጠበቅና ስለ ዘካ፣ የኦሮሞ ሽማግሌዎች ነውርንና ክብርን ስለሚለየው ስለ ሳፉ ያስረዳሉ። ሁሉም ሐቀኝነትን ያወድሳሉ፤ ሁሉም እንግዳን ተቀበል፣ ደካማን አትግፋ ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ማንም ሊያስተባብለው አይችልም። ሆኖም ስብሰባው በዚህ ስምምነት ተጨብጭቦለት ሲበተን ሳይነሣ የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ይህ ሁሉ በጎ ጠባይ የሚውለው ለማን ነው? የሚለው ነው። የአንድን ኅብረተሰብ ሥነ ምግባር ለመመዘን የሚያወድሰውን ቃል መስማት አይበቃም፤ ቃሉ ከማን ደጃፍ ሲደርስ እንደሚቆም መመርመር ያስፈልጋል ብለን እናምናለን።

ጥያቄውን በአንድ ጉዳይ ላይ እናጥብበው፤ በእጅ ሥራ ላይ።

ሥራን ማክበር በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ በግልጽ የሚገኝ ትምህርት ነው። በኦሪት ዘጸአት የማደሪያውን ድንኳን ዕቃ የሠራው ባስልኤል ጥበቡን ከአምላክ መንፈስ እንደ ተቀበለ ተጽፏል። በወንጌል ኢየሱስ ራሱ ጸራቢ ተብሎ ተጠርቷል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ ራሱን ያስተዳድር ነበር። በቁርኣን ለነቢዩ ዳውድ ብረት ለስልሶላቸው ጥሩር ይሠሩ እንደ ነበር ይነገራል፤ ከምዕራፎቹም አንዱ በብረት ስም ይጠራል። ሰው በገዛ እጁ ሠርቶ ከሚበላው የተሻለ ምግብ እንደሌለ ነቢዩ ሙሐመድ ማስተማራቸውም በሐዲስ ተመዝግቧል።

እንግዲህ በዚህ ትምህርት ለዘመናት የተኰተኰተ ኅብረተሰብ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን ከፍ ባለ ወንበር ሊያስቀምጣቸው በተገባ ነበር። የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ጠቢብ ከሚለው የከበረ ቃል የወጣው "ጠይብ" ስድብ ሆነ። ቀጥቃጩ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ የሸክላ ሠሪዋ ዓይን ልጅ ይበላል ተባለ። ሸማኔው "ቁጢት በጣሽ" ተብሎ ተሰደበ። (በየአካባቢው የሚነገሩትን የተቀሩትን ስሞች እዚህ መድገም አያስፈልግም፤ የተነገሩባቸው ሰዎች አልረሷቸውም።)

የንቀቱን ከንቱነት ለማየት ሩቅ መሄድ አይሻም። የፍየል ቆዳ ወጥሮና ፍቆ ብራና የሚያዘጋጀው ካህን ወይም ደብተራ በሰዎች ፊት የተከበረ ነው። የበሬውን ቆዳ ፍቆ ለሰፊው ሕዝብ መጫኛና ቁርበት ያደረሰው ግን "ፋቂ" ተብሎ ከማዕድ ተለየ። ቆዳ ያው ቆዳ፣ መፋቅም ያው መፋቅ ነው! የተለየው ነገር አንደኛው ለማን እንደ ሠራና በየትኛው መደብ እንደ ቆመ ብቻ ነው። ስለ ጀበናም እንዲሁ ሊባል ይቻላል። በጎንደር ክርስቲያኑ፣ በወሎ ሙስሊሙ፣ በሌላውም ማዕዘን የአባቶቹን ልማድ የሚጠብቀው ሁሉ ቡናውን አፍልቶ ጎረቤቱን የሚመርቀው በሸክላ ሠሪዋ ጀበና ነው። እንጀራው በእርሷ ምጣድ ይጋገራል፤ እህሉም ቀጥቃጩ ባወጣው ማረሻ ከታረሰ መሬት ይገኛል። እርሷ ራሷ ግን ከጀበናዋ የተቀዳውን ቡና ከሌላው ጋር ተቀምጣ እንዳትጠጣ የተከለከለችበት መንደር ብዙ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። "ይህ የሃይማኖት ትእዛዝ አይደለም፤ የመሃይምነት ልማድ ነው" የሚል ነው። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ሸክላ ሠሪን ናቅ የሚል አንቀጽ እኛም አላየንም። ነገር ግን ትምህርቱና ልማዱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ፣ በአንድ ሰንበትና በአንድ ጁምዓ፣ ሳይጣሉ ይህን ያህል ዘመን እንዴት አብረው ኖሩ? መልሱን ከመጻሕፍቱ ውስጥ ማግኘት አይቻልም፤ ከመሬቱ ላይ መፈለግ ይኖርበታል።

በጎንደር አካባቢ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ወደ ብረትና ወደ ሸክላ ሥራ አብዝተው የገቡት ርስት የመያዝ መብታቸውን ካጡ በኋላ ነው። በደቡብ የአገራችን ክፍል በልዩ ልዩ ሕዝቦች መካከል ሸክላ ሠሪዎች፣ ፋቂዎችና ቀጥቃጮች መሬት ያልነበራቸው ወይም ጥቂት ብቻ የነበራቸው ሆነው ኖረዋል። መሬት የሌለው ሰው ምርቱን ገዢው በሰጠው ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል። ከጎረቤቱ ጋር እንዳይጋባና እንዳይበላ ከተደረገ ደግሞ አብሮት ዋጋ የሚያስከብርለት ዘመድም ወዳጅም አያገኝም። ስለዚህ ቡዳ የሚለው ተረት የፈሪዎች ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ ባለ መሬቱ ማረሻና ድስት በርካሽ እንዲያገኝ የሚያስችል የፊውዳላዊ የምርት ግንኙነት መሣሪያ ጭምር ነበር። የሚጠቅመውን ልማድ በስብከት ብቻ የሚተው ገዢ መደብ በታሪክ ውስጥ እምብዛም አልታየም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑ ይህንኑ ያረጋግጣል። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ስለ በጎ ጠባይ ታላቅ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው፤ ያው ፈላስፋ በፖለቲካ መጽሐፉ ከሁሉ የተሻለች ከተማ የእጅ ባለሙያን ዜጋ አታደርገውም ብሏል። የግሪክ ከተማ የቆመችው በባሮች ጫንቃ ላይ እንደ ነበር ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ አያስደንቅም። በሕንድ ቆዳ ሠራተኞች እንዳይነኩ ከተደረጉት ወገኖች መካከል ነበሩ። ከዚሁ ከተገፋው ወገን የተወለዱት የሕግ ሊቅ አምቤድካር የሕገ መንግሥት አርቃቂውን ኮሚቴ መሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የጸናው ሕገ መንግሥትም ያንን ልማድ በአንቀጽ 17 ሻረው። በጃፓንም ቆዳ የሚሠሩና ከብት የሚያርዱ ወገኖች እንደ ርኩስ ይቆጠሩ ነበር፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1871 እኩልነታቸውን አወጀ። በሃይማኖት የማይመሳሰሉ አገሮች ቆዳ ሠሪውን በመግፋት ተመሳሰሉ። በሁለቱም አገሮች አዋጁ ከወጣ በኋላ መገለሉ ለብዙ ጊዜ መቀጠሉም ሊጤን ይገባዋል።

በአገራችንም አዋጅ አልጠፋም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ መሬቱን አልነካም፤ ስድቡም አልቆመም። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ግን ከሥሩ ጀመረ። ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው መሬት እንዲሰጠው በመደንገጉ ጠይብና ባለ ርስት በሕግ ፊት የነበራቸውን ልዩነት አነሣ። በዚያ ዘመን የተፈጸመው ሌላው ነገር ብዙ የሚያነጋግር ነው፤ ይህ እርምጃ ግን ዋጋው አይካድም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ማንም ሰው በማኅበራዊ አመጣጡ ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግበት ደንግጓል።

ታዲያ ምን ቀረ? ዴና ፍሪማንና አልዑላ ፓንክረስት አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት በደቡብ ኢትዮጵያ የተገለሉ የእጅ ባለሙያዎችንና አዳኞችን የሚመለከት ጥናት፣ ከጋብቻ፣ ከጋራ ማዕድና ከመቃብር ቦታ ሳይቀር የመለየት ልማድ በየስፍራው እንዴት እንደ ኖረ በዝርዝር ያሳያል። ስለ ገጠር ሲነገር የከተማው ሰው ራሱን ነጻ አድርጎ ይሰማል። እኛ ግን አዲስ አበባም ቀጨኔ የሚባል ሰፈር እንዳላት እናስታውሳለን። የቀጨኔ ሴቶች ጭቃ ተሸክመው፣ ረግጠው፣ አበጅተውና በእሳት ተኩሰው ለከተማይቱ ጀበናና ድስት ሲያቀርቡ ኖረዋል። ያንኑ ጀበና ገዝቶ የሚሄድ ሰው "ልጄን ከዚያ ሰፈር አላጋባም" ሲል ዛሬም ይሰማል። ይህን የሚለው ሰው ጸሎቱን የማያስታጉል፣ ጾሙን የማይገድፍ፣ ለነዳያን የሚመጸውት ሊሆን ይችላል። ለነዳይ መመጽወት ከባድ አይደለም፤ ነዳዩ ከበር ውጭ ቆሞ ተቀብሎ ይሄዳልና። ከሠራተኛ ጋር እኩል መቀመጥ ግን ወንበር ማካፈልን ይጠይቃል።

የሰፈር ማኅበራትና እድሮች በዚህ ረገድ የሠሩት ሥራ መዘንጋት የለበትም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ የእድር ድንኳን ሥር ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ሙት የሚቀብሩበት ሰፈር ብዙ ነው። በሃይማኖቶች መካከል የቆመው አጥር እዚያ ድንኳን ውስጥ በሊቃውንት ክርክር ሊወርድ ከሚችለው በላይ ወርዷል። ያወረደውም የጋራ ሥራ ነው፦ አብሮ ድንኳን መትከል፣ አብሮ መቃብር መቆፈር፣ በየወሩ እኩል ማዋጣት። ይህ ድንኳን በእጅ ባለሙያው ላይ የቆመውን አጥርም ሊያወርድ የሚችል ነው፤ ባለሙያው በውስጡ ካለ።

ጋብቻን በጉባኤ ውሳኔ ማዘዝ አይቻልም፤ መታሰብም የለበትም። መዝገብን ማየት ግን ይቻላል። በሚመጣው የእድር ጠቅላላ ጉባኤ ከሒሳብ ሪፖርቱ አስቀድሞ የአባላት መዝገብ ይከፈት። በሰፈሩ ከሚኖሩት ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎች፣ ቀጥቃጮችና ፋቂዎች ስንቶቹ ተመዝግበዋል? ከእነርሱ መካከል ዳኛ ወይም ገንዘብ ያዥ ሆኖ የተመረጠ አለ? ያመለከተ ካለ ማመልከቻው ምን ደረሰ? ጸሐፊው ስሞቹን አንድ በአንድ ለጉባኤው ያንብብ።