ነጭ ሽንኩርቱን ለድስቱ፣ ኪኒኑን ለደም ግፊቱ

ነጭ ሽንኩርት ይዞ የሰው ኪኒን የሚያስጥል ሁሉ በሰው ነፍስ እየነገደ ነው። ነገሩን ማለሳለስ አልፈልግም። ስልካችንን በከፈትን ቁጥር አንዱ ነጭ ሽንኩርት እየላጠ ብቅ ይላል። ደም ግፊት? በሰባት ቀን። ስኳር? በአንድ ወር። ኮሌስትሮሉ፣ ጉበቱ፣ ካንሰሩ፣ ሁሉም በማርና በነጭ ሽንኩርት ድራሹ ይጠፋል ይለናል። በመጨረሻም «ለወዳጅ ዘመድ ሼር አድርጉ» ይላል፤ ወዳጅ ዘመድም እጁ ላይ ያለውን ሥራ ትቶ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን ማንም አይቀርጸውም። በድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ የሚለቀሰው ልቅሶ ቪዲዮ የለውም።

ነጭ ሽንኩርት ላይ ቂም የለኝም። ባደግሁበት ቤት ጠፍቶ አያውቅም። ሽሮው ውስጥ አለ፣ ድልሁ ውስጥ አለ፣ ቅቤ ሲነጠር አለ። ጉንፋን ሲይዘን ከዝንጅብል ጋር ይፈላልናል፤ ሲብስብን ጥሬውን በማር ያስውጡናል። ሰው ነጭ ሽንኩርትን ለመድኃኒት መፈለግ የጀመረው ደግሞ ዛሬ አይደለም። ግብፆች ከ3500 ዓመት በፊት በጻፉት፣ የኤበርስ ፓፒረስ በሚባለው የሕክምና ጥቅልል ውስጥ ስሙ ተጽፎ ይገኛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወታደሮች ቁስል እንዳያመረቅዝ ጭማቂውን ተጠቅመውበታል። የሚበጅ ነገር ባይኖረው ይህን ሁሉ ዘመን ከሰው እጅ ባልቆየ ነበር።

የሚበጀው ነገር ምን እንደሆነም ይታወቃል። ያልተነካ ነጭ ሽንኩርት አፍንጫ ሥር ቢይዙት እምብዛም አይሸትም። ሽታው የሚነሳው ሙቀጫ ውስጥ ገብቶ ሲወቀጥ ነው። አሊን የሚባል ንጥረ ነገርና አሊኔዝ የሚባል ኢንዛይም በተክሉ ውስጥ ተለያይተው ይኖራሉ፤ ሽንኩርቱ ሲደቅ ይገናኙና አሊሲን የሚባለውን ይፈጥራሉ። ተክሉ ራሱን ከተባይና ከሻጋታ የሚከላከለው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ካቫሊቶና ቤይሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አሊሲንን ለይተው አወጡት፤ ባክቴሪያ እንደሚገድልም አረጋገጡ። የቪዲዮው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ «ሳይንስ አረጋግጦታል!» ብሎ ይጮኻል። ቀሪውን ግማሽ አይነግራችሁም። አሊኔዝ በሙቀት ይሞታል፤ ገና እንደተላጠ የፈላ ዘይት ውስጥ የገባ ነጭ ሽንኩርት የሚሰጠው አሊሲን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጥሬውን የበላ ሰው ደም ሲመረመርም አሊሲን አይገኝም፤ ደም ውስጥ ሳይደርስ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ ባክቴሪያ መግደል አንድ ነገር ነው፣ የታመመ ሰው ማዳን ሌላ። በረኪናም ሳህን ላይ ባክቴሪያ ይፈጃል፤ በረኪና ጠጡ ያለን ግን የለም።

ወደ ደም ግፊቱ ልምጣ፤ የተናደድኩት በሱ ነውና። በርካታ ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ፣ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎች ነጭ ሽንኩርት ሲወስዱ የላይኛው ቁጥር በአማካይ በ8 ገደማ ይወርዳል። ይህ እውነት ነው፤ አልክድም። ጥናቶቹ ግን በአብዛኛው የተሠሩት በተመጠነ እንክብል እንጂ ከጉሊት ተገዝቶ በግምት በሚዋጥ ፍንካች አይደለም። ደግሞስ ስሌቱን ሥሩት። ግፊቱ 190 የሆነ ሰው 8 ቢቀነስለት 182 ነው። 182 ላይ ያለ ሰው አልዳነም፤ አደጋው ላይ ተቀምጧል። ኪኒኑን ከተወ ደግሞ 182ቱንም አያገኘውም።

ኮሌስትሮሉስ? የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት 192 ሰዎችን ለስድስት ወር ተከታተሉ። አንዳንዱ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዳንዱ እንክብል፣ አንዳንዱ ምንም የሌለበት ማስመሰያ ወሰደ። መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል በማናቸውም ላይ የረባ ለውጥ አላሳየም። ስለ ጉንፋን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 በ146 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ተስፋ ሰጥቷል፤ እንክብሉን በወሰዱት ዘንድ 24፣ ባልወሰዱት ዘንድ 65 ጉንፋን ተቆጠረ። ደስ ይላል። ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርት ብሉ፤ ባይሠራም ጉንፋን በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ደም ግፊት ግን በራሱ ጊዜ አይሄድም።

በሰፈራችን ሁላችንም እማማ የምንላቸው እናት አሉ። ልጆቻቸው በስልክ የላኩላቸውን ቪዲዮ አይተው አሥራ አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ልጠው፣ ወቅጠው፣ በማር ለውሰው በጠርሙስ አስቀመጡ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ማንኪያ ይወስዳሉ። ልጠይቃቸው ሄጄ ጠርሙሱን በኩራት አሳዩኝ። ከጠርሙሱ አጠገብ የደም ግፊት ኪኒናቸው ካርድ ተቀምጧል፤ ከላይ ሁለት ረድፍ ተቀዷል፣ የቀረው እንዳለ ነው።

«እማማ፣ ይሄንንስ?» አልኳቸው።

«ተወኝ ልጄ፣ ይሄ ኩላሊት ነው የሚጨርሰው። አሁን እኮ ራሴንም አያመኝም፤ ድኛለሁ።»

ለመንኳቸው። ልጆቻቸውን ደውዬ ለመንኳቸው። ብዙም ሳይቆይ እማማ ለጸሎት እንደተነሱ ወደቁ። ስትሮክ። ቀኝ እጃቸው ዛሬም አይታዘዝላቸውም፤ ስሜን ሊጠሩኝ ሲሉ ምላሳቸው ይተሳሰራል። «ድኛለሁ» ያሰኛቸው ራሳቸውን ስላላመማቸው ነው። ደም ግፊት ግን ሲያምም ብቻ የሚኖር በሽታ አይደለም፤ ምንም ሳያሳምም ዓመታት ሙሉ የደም ሥርን፣ ልብን፣ ኩላሊትን ይበላል። ኩላሊት ይጨርሳል ተብሎ የተጣለው ኪኒን ኩላሊታቸውን ሲጠብቅላቸው ነበር። ያን ቪዲዮ የሠራ ሰው የእማማን ቤት አያውቅም። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ዝም የማልለውም ለዚህ ነው።

«አንድ ሁለት ሰው ተሳስቶ ነው» የሚለኝ ካለ ደቡብ አፍሪካን ይመልከት። በፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ዘመን የጤና ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ማንቶ ሻባላላ ምሲማንግ ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ቀይ ሥር ብሉ ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሮንቶ ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ የአገሪቱ ማሳያ ጠረጴዛ ላይ የተደረደረው ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ነበር፤ በዚያው ጊዜ የዕድሜ ማራዘሚያ መድኃኒቱ ለሕዝቡ በበቂ አልደረሰም። እ.ኤ.አ. በ2008 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሲያሰሉት፣ ከ2000 እስከ 2005 በነበረው ጊዜ መድኃኒቱ በወቅቱ ባለመዳረሱ ከ330,000 በላይ ሰው አልቋል። ነጭ ሽንኩርት ማንንም አልገደለም። የገደለው ነጭ ሽንኩርቱ በመድኃኒቱ ቦታ መቀመጡ ነው። ዛሬ በየስልካችን የሚደረገውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የሚኒስትር ማኅተም የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

እኛም አገር ቢሆን ከዚህ የራቅን አይደለንም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ በተነገረ ሰሞን ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ዝንጅብልና ፌጦ ለመግዛት ምን ያህል እንደተጋፋን እናስታውሳለን። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ጥሩ ምግብ ነው፣ ከቫይረሱ ያድናል የሚል ማስረጃ ግን የለም ብሎ ተናግሮ ነበር። እኛ ግን ርቀት እንድንጠብቅ በታዘዝንበት ሰዓት፣ የሚያድነንን ልንገዛ ብለን ተጋፋን። ለወባም ነጭ ሽንኩርት በልቶ የሚተኛ ሰው ዛሬም አለ። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ሕክምና የዘገየበትን በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት አባቶቻችን ለእንዲህ ያለው ነው።

«ቢጠቅም ይጠቅማል፣ ባይጠቅም አይጎዳም» የሚለው አባባልም ውሸት ነው። ነጭ ሽንኩርት የደም መርጋትን ያዘገያል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው፣ ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቀው ሰው ይህ ቀልድ አይደለም፤ በብዛት የሚወስድ ሰው ከቀዶ ሕክምናው ቢያንስ ሳምንት ቀድሞ እንዲያቆም የሚመከረው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የነጭ ሽንኩርት እንክብል ሳኩዊናቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በደም ውስጥ ያለውን መጠን በግማሽ ያህል እንደቀነሰው አሳይቷል። የተወቀጠውን በሕፃን ገላ ላይ አስሮ ማሳደር ቆዳ ያቃጥላል፤ ቁስሉ የእሳት ቃጠሎ ነው የሚመስለው። ከአሜሪካ በሻንጣ የሚላከውንም እንክብል ሐኪም የመሰከረለት አድርጋችሁ አትዩት፤ እንዲህ ያለው ምርት እዚያ ገበያ የሚወጣው ማዳኑ በመንግሥት ሳይረጋገጥ ነው።

እንዲህ ስል «የአባቶቻችንን ጥበብ ናቅህ፣ ፈረንጅ ያላለውን አትቀበልም» የሚለኝ አይጠፋም። ለዚህ መልሴ ተመራማሪው አክሊሉ ለማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ናቸው። አክሊሉ «እናቶቻችን ያውቁት ነበር» ብለው ፎክረው አልሄዱም። እንዶዱን ወሰዱት፣ ለኩት፣ ምን ያህሉ እንደሚገድልና ማንን እንደሚጎዳ መረመሩ፤ ዓመታት ለፉበት። ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የአገሩን ዕፅ የሚያከብር ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ይመዝነዋል፣ ይፈትነዋል፣ የማይችለውን አያሸክመውም። ነጭ ሽንኩርትን የናቀው እኔ ሳልሆን፣ ሳይመዝን የሁሉ በሽታ መድኃኒት ያደረገው ነው።

ሐኪሞችም ከወቀሳዬ አያመልጡም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ ግን ሕመምተኛው የሚደብቀው ለምንድን ነው? ነጭ ሽንኩርት እወስዳለሁ ብሎ የተናገረን ሰው ስለሚቆጡት ነው። ሁለት ደቂቃ አይተውት፣ ስለ ኪኒኑ ምንም ሳያስረዱት፣ «ዕድሜ ልክህን ትውጠዋለህ» ብለው ይልኩታል። ቪዲዮው ግን ሃያ ደቂቃ ያወራዋል፣ በቋንቋው፣ በትዕግሥት፣ «ወገኔ» እያለ። ሰው ወደሚያናግረው ሰው ይሄዳል። ስለዚህ በየካርድ ክፍሉ፣ በየምርመራ ክፍሉ «ቤትዎ ምን ይወስዳሉ?» የሚል ጥያቄ ያለ ቁጣ ይጠየቅ። መልሱም ይጻፍ። ኪኒኑ ሳል ካስነሳ፣ እግር ካሳበጠ ሌላ ዓይነት እንዳለ ይነገር። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አፍና ጆሮ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ቪዲዮ ለምትሠሩት ደግሞ የምለው አጭር ነው። የነጭ ሽንኩርት ጥቅም አስተምሩ፤ ወቅጣችሁ ጥቂት አቆይታችሁ ድስት ውስጥ ጨምሩ በሉ፣ ጨው ቀንሱበት በሉ። «ኪኒንህን ጣል» ያላችሁ ቀን ግን ለሚወድቀው ሰው ተጠያቂ ናችሁ፤ ሕጉም እንዲጠይቃችሁ እፈልጋለሁ። አንተም የምታነበው፣ ዛሬ ማታ እናትህ ጋ ደውል። ደህና ነሽ ወይ ብለህ አትዝጋው። የኪኒኑን ካርድ አምጪው በላት፣ ስንት ቀረው ብለህ ጠይቃት፣ ቁጠሪልኝ በላት። ካቋረጠች ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ውሰዳት። የላክህላት ቪዲዮ ካለም አጥፋውና፣ ልክ እንዳልነበር ራስህ ንገራት።